አራት ዶላር

ጓደኛዬ አራት ዶላር ደረሰው። በ2013 ክረምት ነው። የአካውንቱን ስክሪንሾት በቴሌግራም ላከልኝና ከሥሩ "ሳቅብኝ" ብሎ ጻፈ። እኔም ሳቅሁበት።

ያን ቀን ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ላፕቶፔን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ከፖሊ ከወጣሁ ገና ቅርብ ጊዜዬ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ካፌ እየመረጥኩ ነበር የምሠራው። እሱ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዲቪ ደርሶት፣ ፍራሹን ለእኔ አውርሶ ሲያትል የገባ የዶርም ልጅ ነው። ቀን ይማራል፣ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። ባጠራቀማት ገንዘብ "ዋራንት" የሚባል ነገር መግዛቱን ከወራት በፊት ነግሮኝ ነበር። ቃሉን ከፊልም ላይ ነበር የማውቀው፤ የፖሊስ ማዘዣ መስሎኝ "ምን አጥፍተህ?" ብዬዋለሁ።

ዋራንት አክሲዮን አይደለም። የአንድን ኩባንያ አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የመግዛት መብት ነው። መብቱን የሚሰጠው ራሱ ኩባንያው ነው። እንደ ፈረንጆቹ 2020 እና 2021 አሜሪካ ውስጥ "ስፓክ" የሚባሉ፣ ሥራ የሌላቸው ገና ሌላ ኩባንያ ገዝተው ሊዋሃዱ የተቋቋሙ ኩባንያዎች እንደ አሸን ፈልተው ነበር፤ አክሲዮናቸውን ሲሸጡ ዋራንት እየመረቁ ነው። የአብዛኞቹ ውል ተመሳሳይ ነው፦ አንዱን አክሲዮን በ11.50 ዶላር መግዛት ትችላለህ፣ አምስት ዓመት ጊዜ አለህ።

ጓደኛዬ አንዱን ዋራንት በ2 ዶላር ሂሳብ 400 ገዛ። 800 ዶላር መሆኑ ነው። ኩባንያው የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ይሠራል፤ እሱም "ይሄ ነገር ይነሳል" አለ። ተነሳ! አክሲዮኑ 20 ዶላር ገባ። 20 ዶላር የሚያወጣ ነገር በ11.50 የመግዛት መብት ቢያንስ 8.50 ዶላር ያወጣል። በ400 ሲባዛ 3,400 ዶላር። ገንዘቡ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፣ ወረቀት ላይ። "አምስት ዓመት አለኝ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያላነበበው አንቀጽ ነበር። የአክሲዮኑ መዝጊያ ዋጋ ከ30 የገበያ ቀናት ውስጥ ለ20ው 18 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኩባንያው ዋራንቶቹን መጥራት ይችላል። መጥራት ማለት የ30 ቀን ማስታወቂያ አውጥቶ "ወይ 11.50ውን ክፈሉና አክሲዮናችሁን ውሰዱ፣ ወይ ዋራንቱን ለሌላ ሽጡ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን አንዱን በ1 ሳንቲም እሰበስበዋለሁ" ማለት ነው። የዶላር አንድ መቶኛ። አምስት ዓመቱ በአንድ ደብዳቤ 30 ቀን ይሆናል።

400 ጊዜ አንድ ሳንቲም፣ አራት ዶላር።

የሚገርመው ኩባንያው የሚጠራህ ግምትህ ሲሰምር መሆኑ ነው። አክሲዮኑ ቢወድቅ ኖሮ ማንም አይጠራውም፤ ዋራንቱን ታቅፎ አምስት ዓመቱን ይቀመጥ ነበር። ኩባንያውን ክፉ ለማለት አይደለም። ዋራንቱ ወደ አክሲዮን ሲቀየር ጥሬ ገንዘብ ይገባለታል፣ ወደፊት ስንት አዲስ አክሲዮን ሊወጣ እንደሚችልም ቁርጡ ይታወቃል። ከመጀመሪያውም የጻፈውን ነው ያደረገው።

ቀኑን ያወቀ ሰውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጓደኛዬ 400ውንም ወደ አክሲዮን ለመቀየር 4,600 ዶላር ማውጣት ነበረበት፤ መጋዘን ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ተማሪ ከየት ያመጣል? የሌለው ይሸጣል። ግን የሌላቸው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ሊሸጡ ስለሚወጡ ዋጋው ይጫናል። አንዳንድ ኩባንያ ያለ ጥሬ ገንዘብ መቀየር ይፈቅዳል፤ በዚያ መንገድ ቢሆን ኖሮ በ20 ዶላር ዋጋ ሂሳብ 170 አክሲዮን በእጁ ይገባ ነበር። ያም ቢሆን "እፈልጋለሁ" ብሎ በጊዜው ለሚናገር ነው። ዝም ያለ ሰው ድርሻ አንድ ሳንቲም ነው።

ማስታወቂያው በኢሜይል ደርሶት ነበር፤ ማስታወቂያና ቅናሽ በሚጠራቀምበት ክፍል ውስጥ፣ ከጫማ ቅናሽ በታች። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "ኢንጂነር ሆነህ ኢሜይል ማንበብ ያቅትህ?"

ይቺን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ።

እኛ ቤት አባታችንን ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። በ2001 አካባቢ አዲስ ባንኮች አክሲዮን የሚሸጡላቸውን ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሲያሰማሩ፣ አንዱ እሳቸው ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት መጣ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ በሻይ ሰዓት ፎርም ተበተነ። ጋሼ አንዱ 1,000 ብር የሆነ 10 አክሲዮን ፈረሙ፤ ከፊሉን ያኔ፣ ቀሪውን ቀስ እያሉ ከፈሉ። እማዬ ያንን ዓመት እስካሁን "የባንኩ ዓመት" ነው የምትለው፤ ለፋሲካ በግ ያልታረደበት።

ትርፍ ሲከፋፈል ጋሼ ገንዘቡን አይወስዱም፣ አክሲዮን ያስገዙበታል። እንዲህ እንዲህ ሲል 40 ደረሰ። ሰርተፍኬቶቹ በካኪ ፖስታ ተደርገው ከቤቱ ካርታና ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ኅዳር ላይ የጠቅላላ ጉባኤ ወሬ ሲመጣ ያወጧቸዋል፣ ይቆጥሯቸዋል፣ ይመልሷቸዋል። ጣና ዳር አሳ ሲበሉ ሒሳብ የሚከፍሉት እሳቸው ከሆኑ አስተናጋጁን "ግድ የለህም፣ ባንክ አለኝ" ይሉታል። ልጁ ቀልዱን በቃሉ ያውቀዋል፣ ግን ይስቅላቸዋል።

በሚያዝያ 2013 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ነባሮቹ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። አሥር እጥፍ ነው። ለትልልቆቹ ቀላል ነበር፤ ለመካከለኞቹና ለትንንሾቹ ግን መሯሯጥ መጣ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በመጀመሪያ ከነባር ባለአክሲዮኖች። የንግድ ሕጋችን አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ነባሮቹ በያዙት መጠን በቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጣቸዋል። ጉባኤው ካፒታል ለማሳደግ ይወስናል፣ ባንኩ ጥሪ ያወጣል፣ ቀን ይቆርጣል። እስከዚያ ቀን የከፈለ ከፈለ፤ ያልከፈለው ሰው ድርሻ ለፈላጊ ይሸጣል።

ጣና ዳር ዋራንት የያዘ ሰው አላጋጠመኝም። ግን ይሄ ምኑ ይለያል? በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት፣ ቀነ ገደብ፣ ጥሪ። ሰዓቱን የሚያስጀምረው ባለ መብቱ አይደለም፣ ኩባንያው ነው። እንዲያውም ዋራንት የገዛ ሰው መግዛቱን ያውቃል፤ ጋሼ ግን እንዲህ ያለ መብት እንዳላቸው የሚናገር የተለየ ወረቀት እንኳ ሳጥናቸው ውስጥ የለም።

"ባይገዙስ ምን ይሆናሉ፣ 40ው አክሲዮን እንዳለ ነው" የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሂሳቡን እንሥራው። ባንኩ ባለፉት ዓመታት ያልተከፋፈለ ትርፍና መጠባበቂያ አጠራቅሟል። ያ ሁሉ ሲደመር የ1,000 ብሩ አክሲዮን በትክክል 1,600 ብር ያወጣል እንበል (የእኔ ግምት ነው፣ የባንኩ ቁጥር አይደለም)። ለእያንዳንዱ አሮጌ አክሲዮን አንድ አዲስ በ1,000 ብር ሲሸጥ፣ 1,600 እና 1,000 ተደምሮ 2,600፣ ለሁለት ሲካፈል 1,300 ይሆናል። አዲሱን የገዛ ሰው በአሮጌው 300 ያጣል፣ በአዲሱ 300 ያገኛል፤ ባዶ ለባዶ። ያልገዛው በአሮጌው 300 አጥቶ ይቀራል። በ40 አክሲዮን 12,000 ብር። ከዚያ በተጨማሪ የድምፁም የትርፍ ድርሻውም መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ሌባ ቤታችን ሳይገባ፣ ካኪ ፖስታው ሳይከፈት፣ ከጋሼ የሁለት ወር ጡረታ በላይ ወጣ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት።

ባንኩ የባለአክሲዮኖችን አድራሻ ሲያድስ ጋሼን ይዤ ቅርንጫፉ የሄድኩት እኔ ነኝ። ፎርሙን የሞላሁትም እኔ። ስልክ የሚለው ቦታ ላይ የእኔን ጻፍኩ፤ ኢሜይል የሚለው ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለሁ የምጠቀምበትን። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር። "የእኔን አትጽፍም?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ቴክስት መቼ ያነባሉ?" አልኳቸው። ዝም አሉ።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የእኔ ሥራ ያለ ኢንተርኔት አንድ ቀን አይቆምም። አንዳንድ ሆቴልና መሥሪያ ቤት መስመር ነበረው፤ ላፕቶፕ ተሸክሜ ከአንዱ ወደ አንዱ ስል ከረምኩ። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ሳምንት ስብሰባ ላይ "ባክግራውንድህ ላይ ድምፅ አለ" የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ምን ትመልሳለህ? ጥቂት ወራት ታግዬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጋሼና እማዬ ቀሩ። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ባሕር ዳር ገባ አልገባ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ስንደዋወልም የምንጠያየቀው "ደህና አደራችሁ?" ነው። አክሲዮን ማን ያስታውሳል።

በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር እንደ እኩዮቼ እኔም ትንሿን መጠን፣ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር፣ ገዛሁ። በጥር ወር ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ቢሮ ውስጥ ወሬው ሁሉ አክሲዮን ሆነ። ያኔ ነው የጋሼ ፖስታ ትዝ ያለኝ። ውክልናዬን ይዤ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት አክሲዮን ክፍል ሄድኩ፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት፣ የባለአክሲዮን ልጅ።

ሠራተኛዋ ስማቸውን አስገባች። "40 አላቸው። የቅድሚያ መብታቸውን አልተጠቀሙም።"

"የምን መብት?"

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። 40 አዲስ አክሲዮን፣ 40,000 ብር፣ የመጨረሻ ቀን። ካለፈ ወራት ሆኖታል። ከጎኑ "ማሳወቂያ፦ ደርሷል" ይላል። ሦስት ጊዜ።

"አልደረሰንም" አልኳት። ስልኩን አነበበችልኝ። የእኔው ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ፈተሽኩ። ከአጭር ቁጥር የሚመጡ መልእክቶችን በሙሉ የዘጋሁት ራሴ ነኝ፤ ሎተሪው፣ የጥሪ ማሳመሪያው፣ የቀኑ ጥቅሱ አስመርሮኝ። የታገዱት ማኅደር ውስጥ ሦስቱም መልእክቶች ተደርድረው አገኘኋቸው። በመጨረሻው ላይ "10 ቀን ብቻ ቀርቷል" ይላል። ከበላዩ መኪና ሊያሸልመኝ የሚፈልግ ሰው አለ።

እንጀራዬ ምን መሰላችሁ? ማሳወቂያ የሚልክ ሲስተም ነው የምሠራው። ለደንበኛ "ክፍያዎ ሦስት ቀን ቀርቶታል" ብሎ ቴክስት የሚልከውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኛም ዳታቤዝ ውስጥ "ደርሷል" የሚል ዓምድ አለ። ቴክስቱ ስልኩ ውስጥ ከገባ ደርሷል ይላል፤ ሰውየው ያንብብ አያንብብ ሲስተሙ አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልሠራነውም። ቀኑ ካለፈ ፕሮግራሙ ዝምታን እንደ መልስ ወስዶ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ይህን ኮድ ስጽፍ አንድም ቀን ማዶ ያለውን ሰው አስቤ አላውቅም።

ሲያትል ደወልኩ። ሊስቅብኝ መብቱ ነበር። አልሳቀም። ይልቅ በሰፈሩ ያሉ አዛውንቶች ሲያወሩ የሰማውን ነገረኝ። ጉዳዩን እኔም ኋላ አንብቤዋለሁ። የባንክ ሥራ በሕጋችን ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ የተከለለ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ ያላቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ተደረገ። አክሲዮኖቹ ለጨረታ ወጡ፤ ባለቤቶቹ የተጻፈበትን ዋጋ ወሰዱ፣ ከዚያ በላይ የተሸጠበት ልዩነት ለመንግሥት ሆነ። በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ እንዲገዙ ሲፈቀድላቸው፣ መግቢያው እንደ አዲስ በአዲስ ዋጋ ነው። "እነሱ እኮ ደብዳቤውን አንብበዋል" አለኝ ጓደኛዬ። "ቢያነቡም ምርጫ አልነበራቸውም። አንተ ምርጫ ነበረህ።" ሊያጽናናኝ ይሁን ሊወጋኝ አልገባኝም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

ለጋሼ በስልክ መናገር አልቻልኩም። በሚያዝያ ለፋሲካ በአውሮፕላን ሄድኩ። ከበዓሉ ማግስት አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወጣን፤ ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ታስረዋል፣ አንድ ሰው ታንኳውን በደረቱ አዘንብሎ ውኃውን ያንጠፈጥፋል። የተጠበሰ አሳ አዘዝን። ጋሼ "ባንክ አለኝ" ከማለታቸው በፊት ልናገር ብዬ ቸኮልኩ።

"ጋሼ፣ አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ የዘጋሁትን መልእክት፣ ቀኑን። የ1,300 ብሩን ሂሳብ ስጀምር በእጃቸው አቆሙኝ፤ የሂሳብ መምህር ናቸው፣ ቀድመውኝ ጨርሰውታል።

"ከየት አመጣው ነበር፣ 40 ሺህ ብር በአንድ ወር?" አሉ።

"እኔ እከፍለው ነበር።"

"ብታውቅ።"

"ባውቅ።"

አሳውን ገለበጡት። አጥንቱን ሲለቅሙ ቆዩና፣ "ነግረውኝ ነበር እኮ" አሉ።

"ማን?"

"አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው። እድር ላይ ተገናኝተን 'ባንካችን ጠርቶናል፣ ከፈልክ ወይ?' አለኝ። ለልጄ ይደርሰዋል፣ እሱ ያውቃል አልኩት። ከዚያ ጠበቅሁህ። ስትደውል ስለ እኛ ደህንነት ብቻ ትጠይቃለህ፣ እሱን አታነሳም። አገር ለቆ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ብር ቸግሮት ይሆናል አልኩ። ጠይቄ ላሳፍርህ?"

የምመልሰው አጣሁ። እሳቸው እኔ አውቄ ዝም ያልኩ መስሏቸው ነበር። ያን ሁሉ ወር፣ በየሳምንቱ እሑድ ስንደዋወል፣ 40,000 ብር የለውም ብለው ሲያዝኑልኝ ከርመዋል። ቀኑ ያለፈውም እያወቁት ነው።

"መጠየቅ ነበረብዎት" አልኩ ቆይቼ።

"አንተም ስልኬን መጻፍ ነበረብህ።"

እማዬ ይህን ስትሰማ ለሁለታችንም አልራራችም። "ሁለት የተማረ ሰው!" ብላ ቡናውን ልትቆላ ተነሳች።

በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄድን። ሌላ ጥሪ ይመጣ እንደሆነ ልጠይቅ ነበር፣ የጋሼ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የአድራሻ መቀየሪያ ፎርም ጠየቁ። እስክሪብቶውን ላቀብላቸው ስል የራሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉና አሥሩን ቁጥር አንድ በአንድ፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት ትልልቅ አድርገው ጻፉ። ኢሜይል የሚለው ላይ ሰረዝ።

"አሁን አንድ ላኪልኝ" አሏት ልጅቷን። "ይድረስ እንደሆነ ልየው።"

"አባቴ፣ ከዚህ አይላክም እኮ፣ ከዋናው ነው የሚላከው" አለች እየሳቀች።

ጋሼ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሱም። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ከጀርባቸው ቆሜ "ደርሷል?" ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። ባለ ቁልፏ ቴክኖ ኮታቸው ውስጥ ጮኸች። አወጧት፣ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዟት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

"ከማን ነው?" አሉ፣ ዘወር ሳይሉ።